ለሽማግሌ የተቀባሁት ቅባት

«የተፈጥሮ ነገር አይጎዳም» የሚል ሰው ሳማ ነክቶ አያውቅም ማለት ነው!

እኔ ሳማን እያወቅሁ ተታለልኩ። እሑድ የፍቅረኛዬ የናሆም ሽማግሌዎች ሊጠይቁኝ ቤታችን ሊመጡ ነው። የዚያን ቀን ፊቴ ወለል እንዲል ብዬ የለመድኩትን ቅባት ጣልኩና ኦርጋኒክነቱ የተረጋገጠ አዲስ ቅባት ገዛሁ። ማረጋገጫውን ብታዩት... ማኅተም በማኅተም! ዲግሪዬ እንኳ ያን ያህል ማኅተም የለውም።

ማኅተሙ የሚመሰክረው ግን ለቅባቱ እንጂ ለእኔ ፊት አልነበረም። መጀመሪያ ግንባሬ ሽፍ አለ፤ ከዚያ ጉንጬ ተከተለ። ሻጯ ጋ ደወልኩ።

«ቆዳሽ እስኪለምደው ነው የኔ ቆንጆ፤ አንድ ወር ታገሺው።»

ወር? ሽማግሌ እሑድ እየመጣ! «ቅንድብ ላበጅ ብላ ዓይኗን አጠፋች» የተባለው ለካ ለእኔ ኖሯል።

ቅዳሜ አብነት ሰፈር ከታክሲ ስወርድ ከማን ጋር ብገጣጠም ጥሩ ነው? ከናሆም አክስት፣ ከእትዬ ዘነበች! ሊስሙኝ የዘረጉትን ጉንጭ መልሰው ወሰዱት።

«ውይ ልጄን! ምች መትቶሽ ነው! ዳማ ከሴ አልተቀባሽም?»

«ኧረ እትዬ፣ ምች አይደለም፤ ኦርጋኒክ ነው።»

«እሱ ደግሞ ይተላለፋል?»

ወሬው እኔን ቀድሞ ናሆም ቤት ገባ።

እሑድ አባዬ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ተኮፍሶ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ መጡ... በፌስታል ብርቱካን ይዘው! አስጠሩኝ፤ ፊቴን አዩ፤ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«እግዜር ይማርሽ ልጄ።»

ስለ ጋብቻ ትንፍሽ ያለ የለም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ አወሩና ብድግ አሉ።

«ሌላም ጉዳይ ነበረን» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ «ግን በሽተኛ ባለበት ቤት አይነሳም። ነውር ነው።»

ጓዳ ገብቼ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ እሱ ደግሞ ሽፍታዬን ለበለበው! ናሆምን በቅባት ልጣ? ከጓዳ ሆኜ «አባዬ፣ አስቁማቸው!» አልኩ።

አባዬ ኩራቱን ወንበሩ ላይ ትቶ እስከ ውጭው በር ተከተላቸው።

«ኧረ ጤነኛ ናት! በፈጠራችሁ ተመለሱና ልጄን ጠይቁኝ!»

ትልቁ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አስተካከሉ።

«መልካም... እስቲ ከቤተሰብ ጋር እንምከርበትና መልሱን እናሳውቅዎታለን።»

እናንተዬ፣ ይቺን መልስ የሚሰጠው የልጅቷ አባት አልነበረም እንዴ?