የሙናን የውሃ ታንከር በጀልባ የለወጥኩት እኔ ነኝ

ዛሬ ጠዋት፣ ግማሽ የሾዋክ ከተማ ቆሞ እያየ፣ መሪ ጨብጬ፣ ቀጥ ብዬ እንደተቀመጥኩ ሰጠምኩ።

ቀስ ብዬ ነው የሰጠምኩት። ሰው ፎቶ አንስቶ፣ ያነሳውን አይቶ፣ አልጣመኝም ብሎ ሌላ እስኪያነሳ ድረስ ጊዜ ነበረው።

ላይቭ ገብታችሁ የነበራችሁ አይታችኋል። ስልኬ ውሃ ከገባ በኋላ የሆነውን ግን አላያችሁም፤ የባሰው ደግሞ እሱ ነው። ይህን የምጽፈው በባለቤቴ በሙና ስልክ ነው። «ምንም ሳትቀንስ ከጻፍክ ውሰደው» ብላኛለች።

አልቀንስም።

ለአዲስ ተከታዮች ራሴን ላስተዋውቅ። ያሲን እባላለሁ፣ ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ የጎንደር ሰው ነኝ። ሱዳን፣ ሾዋክ ከገባሁ አሥራ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ከስደተኞች ቢሮ ፊት ለፊት ትንሽ የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለችኝ፤ ለሰው ቅጽ እሞላለሁ። በተረፈኝ ጊዜ አነባለሁ፣ እዚህ ደግሞ ረጃጅም ፖስት እጽፋለሁ። ሰው ሁሉ የተስማማበት ነገር አይጥመኝም። ስለ ምክር ከንቱነት የጻፍኩትን ብዙዎቻችሁ ሼር አድርጋችሁታል።

እባካችሁ አጥፉት።

ሙና ከመናኸሪያው ጀርባ ምግብ ቤት አላት። ወደ ገዳሪፍና ወደ ከሰላ የሚያልፉ ልጆቻችን፣ ከኒው ሀልፋ የሸንኮራ እርሻ የሚመለሱ ሠራተኞች፣ ጦርነቱን ሸሽተው ከካርቱም የመጡ ሰዎች፣ ሁሉም እሷ ጋ ይበላሉ። እዚህ ከተማ ምግብ ቤት ማለት ውሃ ማለት ነው። ቧንቧው ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይፈልግ ወር ይቀራል። ሌላው ሰው ከካሮ ይገዛል፤ በርሜል የተጫነበት፣ አህያ የሚጎትተው ጋሪ ነው። ሙና ግን ታንከር ነበራት። የብረት፣ የሰው ቁመት ያለው፣ በአራት እግሩ የቆመ። አንዴ ካስሞላችው ሦስት ቀን ትሠራበታለች። እኔን ከማግባቷ በፊት የገዛችው ነው።

«ነበራት» ማለቴን ልብ በሉ።

ነገሩ የጀመረው ሐጅ ኢድሪስ ማመልከቻ እንድጽፍላቸው ሲያስጠሩኝ ነው። ሐጅ ከከተማው ወጣ ብሎ ዶንኪ አላቸው፤ ውሃው በሞተር የሚወጣ ጉድጓድ፣ የአካባቢው ግመልና በግ የሚጠጣበት። ማመልከቻውን ጨርሼ ሻይ እስኪመጣ ስጠብቅ አንዲት ግመል ጠጥታ ጠጥታ ከገንዳው ቀና አለች።

ገንዳው አፍንጫ ነበረው።

ወደ ላይ የተሰበሰበ፣ ቀጭን፣ ኩሩ አፍንጫ። ተጠግቼ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሬ ፋቅሁት። ቀይ እንጨት። ትንሽ ዝቅ ስል የነሐስ ብሎን። ዞሬ ጎኑን አየሁት፤ ሳንቃዎቹ ተያይዘው አንድ ላይ ሲታጠፉ የሰው እጅ የሠራቸው አይመስሉም። የሞተር ጀልባ ነው! የጊርባ ግድብ ሲሠራ የነበሩት ነጮች፣ ኸዋጃዎቹ፣ ዓርብ ዓርብ ውሃ ላይ የሚንሸራሸሩበት ዓይነት፣ እኔ በመጽሔት ላይ ብቻ ያየሁት። ጥለውት ሄደው፣ ስንት ዓመት እንደሆነ እንጃ፣ ግመል ሲልሰው ኖሯል።

ልቤ መምታት ጀመረ። ሚስት ያላችሁ ወንዶች፣ እንዲህ ዓይነቱ የልብ ምት ሲመጣባችሁ ወደ ቤት ሂዱ።

እኔ ተቀመጥኩ። ከአስር ሶላት እስከ መግሪብ ለሐጅ ስለ ገዛ ገንዳቸው አስረዳኋቸው። እንጨቱ ከየትኛው አገር ጫካ እንደሚመጣ፣ እንግሊዝና ጣሊያን በጀልባ አሠራር በምን እንደሚለያዩ፣ እንዲህ ባለ ጥበብ ላይ ግመል ምራቋን ስታዝረከርክ ዝም ማለት ምን ዓይነት ወንጀል እንደሆነ። ሐጅ አንድ ሁለቴ አፋቸውን ከፈት አድርገው ነበር። እጄን አንሥቼ ቀጠልኩ።

የጠየቅኋቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «ያፈሳል?»

«ጠብ አይልም፣ ኡስታዝ» አሉኝ።

ቀኑን ሙሉ ቅጽ ሲሞላ የሚውል፣ የማያውቀውን ሰው የእናቱን ስም ሳይቀር የሚጠይቅ ሰው ከዚህ በላይ አልጠየቀም። ውሃ የማያስወጣ ነገር ውሃ አያስገባም ብዬ ደመደምኩ። ስለዚህ ድምዳሜም ፖስት ጻፍኩ።

ሐጅ «ታዲያ ግመሎቼ በምን ይጠጣሉ?» ሲሉኝ መልሱ ዝግጁ ነበር። ከዚህ የሚሻል ትልቅ የብረት ነገር አለኝ አልኳቸው።

ለሙና ስነግራት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«ታንከሬን?» አለች።

በግድቡ ውሃ ላይ በየዓርቡ ቤተሰብ አሳፍራለሁ፣ ሠርገኛ አሳፍራለሁ፣ ከዚያ በአንዱ ፋንታ ሁለት ታንከር ትገዣለሽ አልኳት። ሠርገኛው ድንገት ነው አፌ ላይ የመጣው። ከተናገርኩት በኋላ ግን ራሴም አመንኩት።

ቢላዋውን ሳታስቀምጥ አየችኝ። «ሦስት ሳምንት» አለች። «በሦስት ሳምንት ጀልባህ ይሥራ፣ ካልሆነ ታንከሬ ይመለስ። በጀሪካን ከዚያ በላይ አልችልም፣ ያሲን። ቤቱን እዘጋዋለሁ።»

እናንተ ሦስቱን ሳምንት የምታውቁት በፎቶ ነው። ቀለሙን በተሰበረ ጠርሙስ ስፍቅ፣ ቫርኒሽ ስቀባ፣ ከአሮጌ ሎሪ የተነቀለ መሪ ስገጥም፣ የውሃ ፓምፕ ሞተር ሳስር። ለእንጨት የሚሆን ዘይት ስላጣሁ የሙናን የምግብ ቤት የሰሊጥ ዘይት እንደቀባሁት ግን አልነገርኳችሁም። ሁለት ቀን ሙሉ የሰፈሩ ፍየል ሁሉ ሲልሰው ሰነበተ።

ፎቶው ላይ ያልነበረችው ሙና ናት። ከሱብሂ በፊት ወጥታ ካሮ ለማግኘት መንገድ ላይ ትቆማለች። ጀሪካን ሁለት ሁለት ትሸከማለች። ሰሐን የምታጥብበት ውሃ ስላነሳት እራት መሸጥ አቆመች። ከሸንኮራው እርሻ የሚመጡት ሠራተኞች ሌላ ቤት ለመዱ። አንድ ቀን የጀሪካኑ እጀታ መዳፏን እንደላጠው አየሁ። ቶሎ ደበቀችው። እኔም እንዳላየ ሆንኩ።

ፋው የሚኖር አንድ ግንበኛ ኮሜንት ላይ «ወንድሜ፣ ውስጡ ሲሚንቶ አይመስልም?» ብሎ ጽፎልኝ ነበር። ውስጡ ያለው ግራጫ ነገር የጥንት ጀልባ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ልዩ ሽፋን መሆኑን በአራት አንቀጽ አብራራሁለት።

ከዚያ ብሎክ አደረግሁት።

ጀልባው በጣም ከበደ ሲሉኝም «ከባድ የሆነው የድሮው እንጨት አይደለም፤ ቀላል የሆነው የዘንድሮው ነው» ብዬ ጻፍኩ። እናንተም ላይክ አደረጋችሁ። ከጥፋቱ ትንሽ ድርሻ አላችሁ።

ዛሬ ሦስተኛው ሳምንት ሞላ።

በትራክተር ተሳቢ ጭነን ወደ ግድቡ ውሃ ወሰድነው። ትራክተረኛው መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ወርዶ ጎማውን አየ። «ኡስታዝ፣ ሰሊጥ አፍንጫው ድረስ ስጭነው እንኳ እንዲህ አያቃስትም» አለኝ። ስለ ድሮ እንጨት አስረዳሁት።

ዳሩ ላይ ሕዝብ ተሰብስቧል፤ የጠራሁት እኔው ነኝ። ሐጅ ኢድሪስ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው መጥተዋል። ሙና የምትጠቀለልበትን ቶብ ወገቧ ላይ አጥብቃ አስራ ትልቅ ድስት ይዛ መጣች። ፉል ነው። ለምረቃው ብላ፣ በጀሪካን በተሸከመችው ውሃ የቀቀለችው።

ለካ እሷም አምናኝ ነበር።

ተሳቢው ወደ ኋላ ሄደ፣ ጀልባው ተንሸራቶ ውሃ ነካ። መሪውን ይዤ ላይቩን ከፈትኩ። «ወዳጆቼ፣ የተረሳ ነገር ዛሬ ወደ ቦታው እየተመለሰ ነው» አልኩ።

ተመለሰም። ወደ ታች።

መጀመሪያ ጫማዬ ረጠበ። ቀጥሎ ጉልበቴ። ንግግሬን አላቋረጥኩም፤ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ከዚህ እወቁ። ስልኩ ከእጄ አምልጦ ሲገባ ገና ስለ ቅርስ እያወራሁ ነበር። ውሃው ደረቴ ላይ ሲደርስ ጀልባው መሬት ነክቶ ቆመ። እኔም ያኔ ቆምኩ።

ከዳር አንድ ሰው፣ «ኡስታዝ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘው» አለ። ያን ጊዜ ሳቁ ፈነዳ።

ጭቃውን እየዳህኩ ስወጣ ሐጅ ኢድሪስ እጄን ይዘው ሳቡኝ። እሳቸው አልሳቁም። ግራ ገብቷቸው ነበር።

«ሲሚንቶውን አላወጣኸውም እንዴ?» አሉኝ።

«የምን ሲሚንቶ?»

«እኔ የሞላሁት ነዋ። አሥራ ሁለት ከረጢት። ባይሆን ውሃ በምን ይይዝልኛል? እንጨቱማ ወንፊት ነበር።»

አሥራ ሁለት ከረጢት። አሸዋው ሳይቆጠር። በመንገዱ መንገጫገጭ ደግሞ የተሰነጠቀው ሲሚንቶ ውሃውን ከታች ሲያስገባልኝ ነበር።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«እንዴት አድርጌ ልንገርህ፣ ኡስታዝ?» ከልባቸው አዝነው ነው። «አፌን በከፈትኩ ቁጥር ስለ ኸዋጃ ትነግረኛለህ። እንግዳ እያወራ ይቋረጣል? ደግሞ የተማረ ሰው ነህ። ሲሚንቶውን ለአንድ ጉዳይ ፈልጎት ነው አልኩ፣ ወላሂ።»

ሌላ ንግግር ሳልጀምር እጅጌዬን ጨመቅሁ። የምታውቁኝ ይህ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሙና ድስቱን መሬት አስቀምጣ ቀረበች። «ሐጅ፣ ጀልባው ይቅር። ታንከሬን ዛሬውኑ ልውሰደው።»

ሐጅ አቀረቀሩ። «ታንከሩማ የለም፣ ልጄ።»

«የት ሄደ?»

«ለሁለት ሰንጥቄዋለሁ። አንዱ ክፋይ ለግመል፣ አንዱ ለበግ። ዙሪያው ከተዘጋ ብረት ግመል በየት በኩል ይጠጣል?»

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። እኔም ቆሜ ነበር።

አሥራ ስምንት ዓመት ግመል እያየሁ ኖሬአለሁ። ግመል በቧንቧ እንደማይጠጣ አንድ ጊዜ እንኳ አልመጣልኝም። ሰውዬው ብረቱን በተረከቡ ማግስት እንደሚሰነጥቁት ከኔ በስተቀር ማንም ያውቃል። ሊመለስ ይችላል ብዬ ሦስት ሳምንት ሙናን ያስታገስኩበት ታንከር፣ ገና ጀልባው ግቢያችን ሳይደርስ አልቆለታል።

ሙናን አየኋት። የተላጠ መዳፏን ገልብጣ አየችውና፣ ለማንም ሳይሆን፣ «እንግዲህ ነገ አልከፍትም» አለች።

አንድ የሚያጽናና ነገር ልናገር አፌን ከፈትኩ።

«ተው» አለችኝ። ተውኩት። በሕይወቴ የተቀበልኩት የመጀመሪያው ምክር ሳይሆን አይቀርም።

ሐጅም ጢማቸውን ያሻሉ። ሙና ወደ እሳቸው ዞረች። ከዚያ ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ። ጠየቀቻቸው። መልሱን ደግሞ ቆማ ሰማች።

«ዶንኪው ውሃ አለው፣ ሐጅ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ሞልቷል።»

«ካሮ አለዎት?»

«አለ። በርሜሉም አለ፣ አህያዋም አለች።»

«ታዲያ ለምን ከተማ አያስገቡም?»

«ነጂው ለእርሻ ሥራ ወደ ፋው ሄደብኝ። ሰው አጣሁ።» ትንሽ አሰቡ። «የሚነዳ ሰው ባገኝ፣ ያንቺን እስከ ክረምት በነፃ አስወርድልሽ ነበር። ብረቱን የቀደደው የኔ እጅ ነው። ከሌላው ሰው ሸጬ አካክሰዋለሁ።»

ሙና ወደ እኔ ዞረች። ከጢሜ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ አንድ ጫማዬ ግድቡ ውስጥ ቀርቶ ቆሜያለሁ።

«ነጂ አለኝ» አለች።

ከቀትር በኋላ ሥራ ጀመርኩ። ገበያው መሐል ሳልፍ ያልሰደበኝ የለም። አትክልት ሻጯ «ካፒቴን፣ ወደ ጂዳ ነው?» አለችኝ። ሱቄ በር ላይ ቅጽ ሊያስሞሉ የሚጠብቁኝ ሰዎች ተነሥተው አሳለፉኝ፤ ምን እንደሚሉ ስለጨነቃቸው ሰላም እንኳ አላሉኝም። ሁለት በርሜል ለሙና አወረድኩ። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እራት ሸጠች። ሰው ብዙ አልመጣም፤ የመጡት ግን እጃቸውን እስኪበቃቸው ታጠቡ። ሙና ቆማ ስታያቸው አየኋት። እኔን አላየችኝም፤ ገና ነው።

ስልኩን ስትሰጠኝ «ነገ ከሱብሂ በፊት ውሃው በር ላይ ካልደረሰ አልከፍትም» ብላኛለች።

እንግዲህ እናንተን የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። አህያዋ ከመናኸሪያው በፊት ያለው ቦይ ላይ ስትደርስ ቀጥ ትላለች። ዛሬ ሩብ ሰዓት ያህል አስረዳኋት፤ ሰምታኝ ስታበቃ በርሜሉን ይዛ ወደ ኋላ ተመለሰች። ኋላ መንገደኞች ገፍተው ነው ያሻገሩን። ነገ ግን በጨለማ ነው የምንደርሰው፣ ሙናም በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

አህያ ቦይ የምታሻግሩት እንዴት ነው? የምታውቁ ጻፉልኝ። አልከራከርም።