ቁጥር የሌለው ምንጭ

የወረዳው ጽሕፈት ቤት የፎቶ ክምችት ከአሮጌው የኢንተርኔት ማከማቻ ወደ አዲሱ የተዛወረው በሥነ ሥርዓትና በጭብጨባ ነበር። እንከኑ አንድ ብቻ ነው፤ አራት ሺህ ሆኖ የተነሣው ፎቶ አሥራ ሁለት ሺህ ሆኖ ደረሰ።

ኃላፊው አቶ መልካሙ ይህንን «በዝውውር ወቅት የተመዘገበ ዕድገት» ብለው ሪፖርት አደረጉት። በዚሁ ስሌት፣ በመዝገብ ያለው የዋርካ ሜዳ ቀበሌ ብቸኛ በሲሚንቶ የተገነባ የቧንቧ ምንጭም ሦስት ሆነ።

የፎቶ ባለሙያዋ ውባለም ሪፖርቱን ስትተይብ፣ እማማ ወለተ ሚካኤል ከዋርካ ሜዳ ለሰባተኛ ጊዜ ማመልከቻ ይዘው ገቡ።

«ጌታዬ፣ ዘንድሮም ከከብት ጋር እየተጋፋን ነው የምንቀዳው። አንዲት ምንጭ ብትሠሩልን።»

«እናቴ፣ እናንተማ ሦስት አላችሁ» አሉ አቶ መልካሙ፣ ዓይናቸውን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅሉ።

«የት የት?»

«አንዱ በውኃ አልበም፣ አንዱ በጤና፣ አንዱ በሴቶች ጉዳይ።»

እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንግዲያው ነገ እንስራዬን አዝዬ እመጣለሁ። ከጤናው ትቀዱልኛላችሁ።»

ውባለም ሳቋን በሳል ሸፈነች። የምንጩን ፎቶ ያነሣችው ራሷ ናት፤ ያነሣችውም ከአምስት ዓመት በፊት፣ ለልምድ ልውውጥ በሄዱበት ሌላ ወረዳ ነው። ልምዱ እዚያው ቀርቶ ፎቶው «ዋርካ ሜዳ» ተብሎ መጣ።

በሳምንቱ ከበላይ አካል ደብዳቤ ደረሰ። አንድ ቡድን በወሩ መጨረሻ ፎቶዎቹን በአካል ተገኝቶ ይጎበኛል፤ እስከዚያው ድግግሞሽ ይወገድ። ወዲያው አምስት አባላት ያሉት የድግግሞሽ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው የምንጩን ፎቶ አራት ቦታ አገኘው። ሦስቱ የመዝገብ ቁጥር አላቸው፤ አራተኛው የለውም።

«ቁጥር የሌለው ሕገ ወጥ ነው። ይጥፋ!» አሉ አቶ መልካሙ።

«ዋናው ፎቶ እሱ ነው» አለች ውባለም በዝግታ። «ቁጥር ያላቸው ከእሱ ጋር የተያያዙ ናቸው። እሱ ከጠፋ የሚያሳዩት ነገር አይኖርም።»

«ዋና ቢሆን ኖሮ ቁጥር አይኖረውም ነበር?»

ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። ውባለም ማስጠንቀቂያዋን በቃለ ጉባኤው አስመዘገበች። ሁለተኛ ጊዜ ማስጠንቀቅ ግን አስፈላጊ ሆኖ አልታያትም፤ አጠፋችው። ሦስቱ ምንጮች ባንድ ጊዜ ነጥፈው ግራጫ ሣጥን ሆኑ።

«ሌላ አንሺ!» አሉ አቶ መልካሙ፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

«ከየት?»

«ከምንጩ ነዋ!»

ውባለም የእማማን ሰባተኛ ማመልከቻ ፊታቸው አኖረች።

«የልምድ ልውውጥስ?» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«በጀቱ ተዘግቷል።»

ፎቶ የግድ ነው፤ ለፎቶው ደግሞ ምንጭ አስፈለገ። አምስት ዓመት መጋዘን የከረመው ቧንቧ ከአዲስ ሲሚንቶ ጋር በማግስቱ ተጫነ፤ ዋርካ ሜዳ በአሥራ ሰባት ቀን ውኃ አገኘ። አቶ መልካሙ ሪባኑን ሲቆርጡ ውባለም ከአራት አቅጣጫ አነሣቻቸው። ጎብኚው ቡድን ፎቶዎቹን አይቶ እጅግ ረካ፤ ምንጩን ለማየት ጊዜ አልነበረውም።

እማማ ወለተ ሚካኤል ለስምንተኛ ጊዜ መጡ። ማመልከቻ አልያዙም። በአቶ መልካሙ በር አልፈው በቀጥታ ወደ ውባለም ጠረጴዛ ሄዱና ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ የጤና ኬላችን ፎቶ እዚህ አለ አሉ። እባክሽ፣ እሱንም አጥፊልን።»