ሦስት ጊዜ የተቀመጠ አይሳፈርም

[እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ከተማ፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ሰጠውና ሙሉሽ ከሚኖሩበት ሕንጻ ደጃፍ ቆመው ይከራከራሉ። ሰጠው በጡረተኞች ክበብ፣ በሞአዶኑ፣ የኮሚቴ አባል ነው። የማያውቀው ነገር የለም፤ ቢኖርም እስካሁን ለማንም አልነገረም። በሚመጣው ማክሰኞ አርባ ሽማግሌና አሮጊት እየመራ አኮ የተባለችውን በባሕር ጠረፍ ያለች አሮጌ ከተማ ሊያስጎበኝ ነው። አውቶቡሱ ላይ አንድ ቦታ ቀርቷል፤ ሙሉሽ የምትፈልገው ይህን ቦታ ነው። ከላይኛው ፎቅ ትኖራለች፤ ባሏ ከሞተ አራት ዓመቱ። ቀስ ብላ ስለምትናገር ሰው ሁሉ ቀስ ብላ የምታስብ ይመስለዋል። እሷም ማስተባበሉን ከተወችው ቆየች።]

ሰጠው፦ አኮ በይ። እኮ አይደለም። አኮ።

ሙሉሽ፦ እኔስ ምን አልኩ? እኮ።

ሰጠው፦ አፍሽን ከፈት አድርጊው። አ… ኮ።

ሙሉሽ፦ እ… ኮ።

ሰጠው፦ በዚህ አፍሽ አገር ልታዪ ነው? ስትመለሺ «የት ሄደሽ ነበር?» ቢሉሽ «እኮ» ልትይ? የት እንደሄደች እንኳ ሳታውቅ ተመለሰች ይሉሻል።

ሙሉሽ፦ ሄጄ ልመለስ እንጂ የፈለጋቸውን ይበሉ። ስሜን ይጻፉልኝ፣ አያ ሰጠው።

ሰጠው፦ መጻፉማ ቀላል ነው። ከተማዋ ግን ጠባብ ናት፤ ቀኑን ሙሉ በእግር ነው። ድንጋይ አለ፣ ደረጃ አለ። ባለፈው ጉዞ ማንአለብሽ መንገድ መሀል ቁጭ ብላ አርባ ሰው አላስቆመችም? ስለዚህ ሕግ አውጥቻለሁ። ዛሬ ከዚህ እስከ አዲሱ ሰፈር፣ እስከ ካርሜ ጋት፣ በእግር እንሄዳለን። ሦስት ጊዜ የተቀመጠ አይሳፈርም።

ሙሉሽ፦ ማንም ቢሆን?

ሰጠው፦ ማንም ቢሆን። ሕግ ፊት አይቶ አያዳላም።

ሙሉሽ፦ እሺ።

[መሄድ ይጀምራሉ። እሱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከፊት፤ እሷ የላስቲክ ከረጢቷን አንጠልጥላ ከኋላ።]

ሰጠው፦ ለኔም ልምምድ ይሆነኛል። ሜይታል፣ ሞአዶኑ ውስጥ የምትሠራው ልጅ፣ ሰው የሚመራው ቦታውን የረገጠ ብቻ ነው ብላኛለች።

ሙሉሽ፦ ረግጠውታል?

ሰጠው፦ በስልክ ረግጬዋለሁ። «አኮ በአንድ ቀን በእግር» የሚል ቪዲዮ አለ፤ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ረግጫለሁ ወይ አለችኝ፣ ረግጫለሁ አልኳት። በምን እንደረገጥኩ አልጠየቀችኝም።

ሙሉሽ፦ እኔ እኮ ዓመት ከመንፈቅ…

ሰጠው፦ «እኔ እኮ፣ እኔ እኮ።» ሰው ሲመራሽ ተመሪ እንጂ። ይኸው አደባባይ ደረስን። ይህን የከተማዋ በር ነው እንበል። መሪ በሩ ላይ ቆም ብሎ ያስረዳል። [አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል።]

ሙሉሽ፦ ተቀመጡ እንዴ?

ሰጠው፦ አልተቀመጥኩም፣ እያስረዳሁ ነው። አንቺ ግን ከደከመሽ ተቀመጪ፤ አንድ ብዬ እይዝብሻለሁ።

ሙሉሽ፦ አልደከመኝም።

ሰጠው፦ ይደክምሻል። እኛ ከጎንደር ሱዳን ድረስ በእግራችን የተጓዝን ሰዎች ነን። መንገድ ያውቀናል። እናንተን ነው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንስተው ያመጧችሁ።

ሙሉሽ፦ እውነትዎን ነው። እኛ ተቀምጠን ነው የመጣነው።

ሰጠው፦ አየሽ?

ሙሉሽ፦ ከዚያ ወዲህ ግን አልተቀመጥኩም። ፋብሪካው ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁት ቆሜ ነው።

ሰጠው፦ እኔም እዚያው ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ነበርኩ።

ሙሉሽ፦ አውቃለሁ። በሩ ላይ፣ ወንበርዎ ላይ። ጠዋት ጠዋት ሰላም እልዎት አልነበር?

[ሰጠው ብድግ ይላል። ሙሉሽ አንድ ጣቷን ታጥፋለች። እሱ ይህን አያይም።]

ሰጠው፦ አሁን ከበሩ ገብተናል። በዚህ በኩል፣ ሱፐርማርኬቱ ባለበት፣ ባሕሩ ነው። ጠዋት ፀሐይ ከባሕሩ ውስጥ ስትወጣ እናያለን።

ሙሉሽ፦ ባሕሩ ውስጥስ ስትጠልቅ ነው የማውቃት።

ሰጠው፦ የት አይተሽ ነው የምታውቂያት?

ሙሉሽ፦ እኮ።

ሰጠው፦ አየሽ፣ ስትጠየቂ መልስ የለሽም። ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች፤ ይህን ሕፃን ያውቃል።

ሙሉሽ፦ ባሕሩስ በየት በኩል ነው?

ሰጠው፦ [ትንሽ አስቦ] ሱፐርማርኬቱ በኩል አልኩሽ እኮ።

[አውቶቡስ መቆሚያው ጋ ይደርሳሉ። ጥላ አለ፤ ሰጠው ጥላውን ካየ በኋላ ብዙም አላመነታም። ይቀመጥና ከኪሱ ወረቀት ያወጣል።]

ሰጠው፦ ፕሮግራሙን እዚህ ላይ ማንበብ ይሻላል። በዕብራይስጥ ነው፤ ልተርጉምልሽ። ጠዋት፣ ግንቡ። ቀጥሎ፣ ገበያው። ከምሳ በኋላ፣ ሁለቱ ነማሊም። ነማሊም ማለት ጉንዳኖች ማለት ነው።

ሙሉሽ፦ ሁለት ጉንዳን?

ሰጠው፦ ሁለት።

ሙሉሽ፦ ሁለት ጉንዳን ለማየት አርባ ሰው በአውቶቡስ ይጫናል?

ሰጠው፦ ተራ ጉንዳን መሰለሽ? ታሪክ ያላቸው ይሆናሉ። ቢሆንም ጉንዳን ጉንዳን ነው፤ ሁሉም ወፍራም ካልሲ አድርጎ እንዲመጣ አስታውቄያለሁ።

ሙሉሽ፦ ወደቡንም ነማል ነበር የሚሉት። ጀልባዎቹ የሚቆሙበትን። ሁለት ሲሆን ነማሊም አይሆንም?

ሰጠው፦ አሁን ደግሞ ዕብራይስጥ ልታስተምሪኝ ነው? ለመሆኑ ዕብራይስጡን የት ተማርሽው?

ሙሉሽ፦ እኮ።

ሰጠው፦ እኮ የት?

ሙሉሽ፦ አዎ፣ እኮ።

ሰጠው፦ እኮ ብዬ እየጠየቅኩሽ ነው።

ሙሉሽ፦ እኔም እኮ ብዬ እየመለስኩልዎ ነው።

ሰጠው፦ ተይው፣ ተይው። እንዲህ ያለ ሰው ይዤ ገበያ መሀል ብገባ ራሴም እጠፋለሁ። እንጃ ሙሉሽ፣ ስምሽን መጻፉ ከብዶኛል። እግርሽ ደህና ነው፤ ጭንቅላትሽ ነው የሚቀመጠው።

[ሙሉሽ ስትሰደብ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። ግን አንድ ነገር ከልቧ ትፈልጋለችና እንደ ወትሮዋ ልትተወው አልቻለችም።]

ሙሉሽ፦ አያ ሰጠው፣ እናቴ ባሕር ያየች ዕለት ውኃውን በእፍኟ ዘግና ቀመሰችው። ከዚያ ዘወር ብላ «ጨው ያበዛበት ማነው?» አለችኝ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን የምሯን ነበር፤ ይህን ያህል ውኃ እንዴት ሰው ያበላሻል ብላ አዘነች። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እስኪመሽ አየችው። ያን ድንጋይ አንድ ጊዜ ማየት እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ ግንቡም ይቅርብኝ።

ሰጠው፦ ነፍሷን ይማር። ድንጋይ ግን በየባሕሩ ዳር ሞልቷል። የትኛው ባሕር ነበር?

ሙሉሽ፦ [ወደ መንገዱ እያየች] ልንገርዎ? እንዳይቆጡኝ ብዬ ነው።

ሰጠው፦ በይ ተይው፤ መንገድ ይቀረናል። [ይነሳል።]

[ሙሉሽ ሁለተኛ ጣቷን ታጥፋለች። ባቡር ጣቢያው ጋ ሲደርሱ ፀሐዩ ከርሯል። ከሐዲዱ ማዶ የካርሜ ጋት አዳዲስ ፎቆች ይታያሉ። ሰጠው እነሱን እያየ ወደ ኋላው በእጁ ይዳብስና ወንበር ሲያገኝ ይቀመጣል።]

ሰጠው፦ እነዚያን ፎቆች አየሻቸው? የመብራት ማማው ማለት እንደዚያ ነው። መርከብ እንዳይጠፋ በሌሊት የሚያበራው። አሥራ አምስት ፎቅ ይሆናል።

ሙሉሽ፦ አጭር ነው።

ሰጠው፦ ማን ነው ያለው?

[ስልኩ ይጠራል።]

ሰጠው፦ ሻሎም ሜይታል… አዎ፣ ልምምድ ላይ ነኝ… አውቶቡሱ የት ያውርደን? በሩ ላይ ነዋ… የትኛው በር? ዋናው… ደረጃ የሌለበት መንገድ? ለነማንአለብሽ ምርኩዝ… አለ፣ እንዴት አይኖርም… በየት በኩል? እ… ከጉንዳኖቹ ወደ ቀኝ… ጉንዳኖቹ… ሜይታል፣ አይሰማም፣ ባቡር እያለፈ ነው።

[ባቡር አላለፈም። ሙሉሽ እጇን ትዘረጋለች። ሰጠው ሊከለክላት ያስባል፤ ከዚያ ስልኩን እንደ ትኩስ ድንች ያቀብላታል።]

ሙሉሽ፦ ሜይታል ልጄ፣ ሙሉሽ ነኝ። ሾፌሩን ከግንቡ ውጭ አውርደን በይው። አረንጓዴ ጉልላት ያለው መስጊድ አለ፤ በዚያ አልፈን በገበያው እንገባለን፣ ሜዳ ነው። ዓሣ ሻጮቹን ስናልፍ ወደቡ ፊት ለፊት ነው። በመብራት ማማው በኩል አይግባ፤ እዚያ ደረጃ አለ… አዎ፣ ወደብ። ጉንዳን የለም። ካልሲውን ተዉት… እኔ? ከአውሮፕላን እንደወረድን እዚያ ሆቴል ውስጥ ነበር ያሳረፉን። ዓመት ከመንፈቅ። ጠዋት ትምህርት፣ ከሰዓት ባሕር ዳር… አዎ፣ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ግንቡ ግን የት ይሄዳል ብለሽ ነው?… አይ፣ የጠየቀኝ ሰው የለም። [ስልኩን ትመልሳለች።]

ሰጠው፦ እሺ ሜይታል… እሷ ከፊት?… እኔስ?… ከኋላ ሆኜ ልቁጠር… እሺ… እሺ። [ስልኩን ይዘጋል።] ዓመት ከመንፈቅ?

ሙሉሽ፦ ዓመት ከመንፈቅ።

ሰጠው፦ ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?

ሙሉሽ፦ ከጠዋት ጀምሮ ስነግርዎ ዋልኩ። እርስዎ አፌን ያርማሉ።

ሰጠው፦ እንግዲህ ስምሽን ጽፌዋለሁ። ይኸው። በትልቁ።

ሙሉሽ፦ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን የእርስዎን እንይ። ሕጉ እንዴት ነበር?

ሰጠው፦ ሕጉ የወጣው ለተጓዥ ነው፤ ለመሪ አይደለም።

ሙሉሽ፦ እርስዎም ከአሁን ጀምሮ ተጓዥ ነዎት። አደባባዩ ላይ አንድ። አውቶቡስ መቆሚያው ጋ ሁለት። አሁንስ ምን ላይ ነዎት?

[ሰጠው ቁልቁል ወንበሩን ያያል። ብድግ ይላል።]

ሙሉሽ፦ ሦስት።

ሰጠው፦ ሙሉሽ፣ እህቴ፣ እኔ እኮ ሱዳን ድረስ በእግሬ የሄድኩ ሰው ነኝ።

ሙሉሽ፦ አውቃለሁ። ለዚህ ነው የደከመዎ። ይምጡ፤ ሰው አስቀርቼ አላውቅም። ብቻ ወደቡ ጋ ስንደርስ እኔ ያች ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። እስክነሳ ድረስ አርባችሁም ቆማችሁ ትጠብቁኛላችሁ።

ሰጠው፦ ብዙ ትቆያለሽ?

ሙሉሽ፦ እንጃ። እናቴ እስኪመሽ ነበር።

ሰጠው፦ እሺ። ሰዎቹ ግን «ሙሉሽ ይህን ሁሉ የት አየችው?» ብለው ቢጠይቁኝ ምን ልበላቸው?

ሙሉሽ፦ እኮ ይበሏቸው።

[ሊያርማት አፉን ይከፍታል። ይዘጋዋል። ሙሉሽ ከረጢቷን ወደ ሌላው እጇ አዛውራ ወደ ካርሜ ጋት መንገዷን ትቀጥላለች፤ ገና አልደረሱማ። እሱ ከኋላ ይከተላል።]

ሰጠው፦ [ለራሱ፣ እየተለማመደ] እ… ኮ።