ጋሽ ደምሴን የማንቃት ዘመቻ

እንቅልፍ የግል ጉዳይ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው በደርግ ዘመን የቀበሌ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ አያውቅም ማለት ነው። በዚያ ዘመን እንቅልፍ አቋም ነበር። እሑድ ጠዋት፣ ገና ቅዳሴ ሳይወጣ፣ አዳራሹ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተደርድረን ስለ ንቃት ሲነገረን ዓይኑን የከደነ ሰው ከአብዮቱ ጋር ቅራኔ አለው ማለት ነው። ዓይንን ገልጦ መተኛት የተማርነው ያኔ ነው። እኔ ዛሬም እችልበታለሁ፤ ባለቤቴን ጠይቁ።

አጎቴ ጋሽ ደምሴ ግን ይህን ጥበብ ሊማሩት አልቻሉም። የሚገልጡት ዓይን አልነበራቸውማ።

ጋሽ ደምሴ እንጦጦ ግርጌ ድንጋይ ፈላጭ ነበሩ። አንድ ቀን ፈንጂው ቀደማቸውና ሁለቱንም ዓይናቸውን ሐኪም አወጣው። ከዚያ ወዲህ ጉለሌ፣ ከቤታችን ጓሮ ባለችው ክፍል ከሚስታቸው ከእትዬ ወርቄ ጋር እየኖሩ ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ክር ያጠነጥኑ ነበር። ጣታቸው ከእኔ ዓይን ይሻል ነበር። ያስቸገራቸው እንቅልፋቸው ብቻ ነው። ዛሬ ከተኙበት ሰዓት ነገ ትንሽ ቆየት ብለው ይተኛሉ፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ከዚያም ቆየት ብለው። እንዲህ እየተገፋ እንቅልፋቸው ሌሊቱን ለቆ ጠዋት ይገባል፣ ከጠዋት ወደ ከሰዓት በኋላ ይዛወራል፣ ዞሮ ዞሮ እንደገና ሌሊት ላይ ይመጣል። ለጥቂት ሳምንት እንደ ሰው ይኖራሉ፤ ለጥቂት ሳምንት እንደ ጅብ። እትዬ ወርቄ ምክንያቱን አያውቁም፤ ዙሩን ግን አጽዋማትን የማወቅ ያህል ያውቁታል።

ታዲያ በአንዱ ዓመት የእንቅልፉ ዙር እሑድ ጠዋት ላይ አረፈ። ሊቀመንበራችን ሰፊውን ሕዝብ ስለ ማንቃት፣ ስለ ማደራጀትና ስለ ማስታጠቅ ሲያብራሩ ጋሽ ደምሴ ከሦስቱ የመጀመሪያው ላይ ወደቁ። ማንኮራፋታቸው ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ መኪና ነው። ሊቀመንበሩ ከአብዮቱ በፊት የሰፈር እግር ኳስ ዳኛ ነበሩ፤ አሁን ፊሽካውን ትተው ሽጉጥ ታጥቀዋል። በመጀመሪያው እሑድ ሰው ሳቀ። በሦስተኛው እሑድ የሚስቅ አልነበረም።

ነገሩን ያባባሰው ደግሞ ከጋሽ ደምሴ ክፍል ሌሊት ሌሊት ጢቅ ጢቅ የሚል ድምፅ ይሰማል ብሎ አንድ ጎረቤት መጠቆሙ ነው። ሊቀመንበሩም ቀን የሚተኛ ሰው ሌሊት ምን ሲሠራ ያድራል ብለው ጠየቁ። ጥያቄው እንዴት ያለ ጥያቄ እንደሆነ የዚያን ጊዜ ሰው ያውቀዋል። ከዚህ ባነሰ ጥያቄ ተወስደው ያልተመለሱ የሰፈር ልጆች ነበሩ። የአብዮት ጠባቂዎች መጥተው የበራሪ ወረቀት ማባዣ ፍለጋ ክፍሏን ገለበጧት። ያገኙት የክር ማጠንጠኛ መዘውር ነው። አዞሩት፤ ጢቅ ጢቅ አለ። በጣም ያዘኑ መሰለኝ።

እኔ ደግሞ የተማርኩ ነኝ ብዬ ልከራከር ሄድኩ። ሰውየው ዓይነ ስውር ስለሆኑ ቀንና ሌሊቱ ተምታቶባቸው ነው አልኳቸው። ሊቀመንበሩ መልሱን አዘጋጅተው ኖሯል፤ መሪጌታን ጠሩብኝ። መሪጌታ የዚያው የእኛ ቀበሌ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ከወጣትነታቸው ጀምሮ እየፈዘዘ ሄዶ የገዛ እጃቸውን እንኳ አያዩም። ቢሆንም ጎህ ሲቀድ ይነሳሉ፣ ሲመሽ ይተኛሉ፣ ስብሰባ ላይም ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ። ስለዚህ የጋሽ ደምሴ እንቅልፍ ከዕውርነት የመጣ ሳይሆን አሻጥር ነው ተባለ። እውነቱን ልንገራችሁ? እኔ ራሴ ለማመን ምንም አልቀረኝም ነበር።

መልሱን ያገኘሁት መንግሥት ተለውጦ፣ እኔም አርጅቼ መነጽር ላሠራ በሄድኩ ጊዜ ነው። የዓይን ሐኪሙ እንደነገሩኝ ዓይን ሁለት ሥራ አለው። አንዱ ማየት ነው። ሌላው ብርሃን መምጣቱንና መሄዱን ለአንጎል ማቀበል ነው። ጡት ጠብቶ ያደገ ፍጡር ሁሉ፣ በጉም፣ አይጡም፣ ሊቀመንበሩም፣ አንጎሉ ውስጥ ሰዓት አለው። ይህ ሰዓት ለብቻው ሲተው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይዛነፋል፤ የብዙ ሰው ወደ ኋላ ይቀራል። በየቀኑ የሚያስተካክለው በዓይን የሚገባው ብርሃን ነው። የመሪጌታ ዓይን ማየቱን ቢተውም ሁለተኛውን ሥራ አልለቀቀም ነበር። የጋሽ ደምሴ ግን ዓይኑ ራሱ ስለሌለ ፀሐይ ጀርባቸውን ብትጠብሰው እንኳ ሰዓታቸው ወሬውን አይሰማም። ይህን መልስ ይዤ እንዳልሮጥ ሊቀመንበሩን ከየት ላምጣቸው?

እትዬ ወርቄ ግን ያኔ ሐኪሙን አልጠበቁም። ነጠላቸውን አጣፍተው ቀበሌ ሄዱና አንገታቸውን ሰበር አድርገው ቆሙ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እውነትዎን ነው፤ ሰውዬው ንቃት ይጎድላቸዋል። የአንድ ወር ጊዜ ይስጡኝ። ካልነቁ ያኔ እንደፈቀዱ ያድርጉ።»

ሊቀመንበሩ ደስ አላቸው። ማታ ማታ እንዲነበብላቸው ብለው አንድ ዳጎስ ያለ የማንቂያ ጽሑፍ ሰጧቸው። እትዬ ወርቄ ማንበብ አይችሉም። አጣጥፈው ከመዘውሩ እግር ሥር ሸጎጡት፤ ጢቅ ጢቁም ጸጥ አለ። ጽሑፉ ለቤታችን ያበረከተው ይህን ነው፤ አይካድም።

ወሩ ሲሞላ ጋሽ ደምሴ፣ እንደተጠበቀው፣ ሌሊቱን ሙሉ ተኝተው ጠዋት ንቅት ብለው አዳራሽ ገቡ። እስከ መጨረሻው አዳመጡ። እንዲያውም እጃቸውን አውጥተው ሁለት ጥያቄ ጠየቁ፤ ከዚያ በፊት ጥያቄ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሊቀመንበሩ እንባ ሊቀድማቸው ምንም አልቀረም። በሚቀጥለው እሑድ ከቀበሌ ከፍ ባለው ስብሰባ ላይ፣ አንድን ሰው እንዴት እንዳነቁ ጋሽ ደምሴን በምስክርነት ይዘው እንደሚያቀርቡ ነገሩን።

እትዬ ወርቄ የሚቀጥለው እሑድ መሆኑን ሲሰሙ ተመስገን አሉ። ስብሰባው ግን ትልቅ እንግዳ ይጠበቃል ተብሎ ተላለፈ። እንግዳው አልተመቻቸውም ተብሎ እንደገና ተላለፈ። በተላለፈ ቁጥር የእትዬ ወርቄ ፊት እየጠቆረ ሄደ። በመጨረሻ ታመውብኛል ብለው ለመኑ። ሊቀመንበሩ የጋሽ ደምሴ ስም ወደ ላይ ተላልፏል፣ መታመም አይቻልም አሉ።

በዕለቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ጋሽ ደምሴ መድረክ ላይ፣ እንግዳው ጎን ተቀምጠዋል። ሊቀመንበሩ ማይክሮፎኑን ይዘው የንቃቱን ታሪክ ይተርካሉ። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሆኜ የአጎቴን አንገት እመለከታለሁ። አንድ ጊዜ ዘንበል አለ። ቀና አለ። ከዚያ አገጫቸው ደረታቸው ላይ አረፈና ያ ማንኮራፋት በማይክሮፎኑ አዳራሹን ሞላው።

እንግዳው ዞረው አዩ። የሊቀመንበሩ ፊት አመድ መሰለ፤ ምን እያሰቡ እንደሆነ ከተቀመጥኩበት ይታወቀኛል። ተኝተዋል ካሉ ወደ ላይ የላኩት ሪፖርት ውሸት ነው። ያኔ ሌሊት ምን ሲሠራ ያድራል የሚባለው ማን ሊሆን ነው?

«ጓዶች፣ ጓድ ደምሴ ያሳለፉትን የጭቆና ሕይወት በጥልቅ እያሰላሰሉ ነው» አሉ።

በመጀመሪያ ያጨበጨቡት እንግዳው ናቸው። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ አጨበጨበ፤ እኔ እጄ እስኪቃጠል አጨበጨብኩ። ጋሽ ደምሴ በጭብጨባው ባነኑ። ያለቀ መሰላቸው መሰለኝ፣ ዱላቸውን ዳብሰው አነሱና ብድግ ብለው ለተሰብሳቢው እጅ ነሱ።

«በሉ እንግዲህ» አሉ በማይክሮፎኑ፣ «ደህና እደሩ።»