የእትዬ ጥሩብርሃን ጣውላ

በኮልፌ ሰው ለብቻው አይታመምም። ወገቡን ይዞ "ወይኔ" ያለ ሰው ገና አፉን ሳይዘጋ በሩ ይንኳኳል። በየሰፈሩ አንዲት ሴት አለች፤ የታመመን ከሐኪም ቀድማ ታያለች፣ ብርቱካኗን ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣለች፣ ከዚያ ወንበር ስባ ትቀመጥና ከእንዲህ ዓይነቱ ሕመም ያልተነሳ ሰው ታስታውሳለች። ከአየር ጤና ጀርባ ባለው ሰፈር ይህን ከፍተኛ ኃላፊነት የያዙት ክብርት እትዬ ጥሩብርሃን ናቸው።

ረሻድ እጃቸው ላይ የወደቀው ሱቁ ውስጥ የስፖንጅ ፍራሽ ሲያወርድ ወገቡ ቀጭ ባለበት ቀን ነው። ሕመሙ በታፋው ወርዶ እግሩ አውራ ጣት ድረስ ዘለቀ። ሐኪሙ አይቶት የዲስክ መንሸራተት እንደሆነ፣ ኦፕራሲዮን እንደማያስፈልገው፣ እየተንቀሳቀሰ ፊዚዮቴራፒ ቢከታተል አብዛኛው ሰው እንደሚሻለው በትዕግሥት አስረዳው። ረሻድ ከዚህ ሁሉ ይዞ የወጣው "ኦፕራሲዮን" የምትለዋን ቃል ብቻ ነበር።

እትዬ ጥሩብርሃን በዚያው ቀን ደረሱ። ከብርቱካኑ ሌላ ከአናጢው ከኃይለመስቀል ቤት አንድ ሰፊ ጣውላ በጋሪ አስጭነው ነበር የመጡት። "ወገብ የሚድነው እንጨት ላይ ነው" አሉ። ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ፍራሽ ሲሸጥ የኖረው ረሻድም ጣውላ ላይ ተዘረጋ።

"ላስፈራህ ብዬ አይደለም" ብለው ጀመሩ፤ ሁልጊዜም የሚጀምሩት እንዲህ ነው። "አንድ የሳንሱሲ ሰውዬ ነበር። ወገቡን ያመው ነበር። አንድ ቀን አነጠሰው፤ እንዳጎነበሰ ቀረ።"

በማግስቱ ሲመጡ የሳንሱሲው ሰውዬ እግሩ በድን ሆነ። ሳምንቱ ሳያልቅ ተቀበረ። የረሻድ ባለቤት አልፊያ ሻይ እያቀረበች ወሬውን ወደ ልጆች ትምህርት ልታዞረው ብትሞክርም፣ እሳቸው ቀብሩ ላይ የነበረውን ሕዝብ ሳይዘረዝሩ ሻዩን አልነኩም።

እሳቸው ሲወጡ ረሻድ ብርድ ልብሱን ገልጦ የእግሩን ጣቶች አንድ በአንድ ይቆነጥጣል። ሲያመው ደስ ይለዋል። አንዷ ጣት ዝም ያለችው እንደሆነ ግን ልቡ ቀጥ ይላል።

ከሁሉ የባሰውን ፍርሃቱን ለአልፊያም አልነገራት። መስገድ የጀመረው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ሱጁድ ላይ ሲደርስ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል፤ ግንባሩ ግን ምንጣፉን ከሩቅ ያየዋል። ከልጅነቱ ጀምሮ በቀን ስንት ጊዜ መሬት የነካ ግንባር ድንገት አየር ላይ ቀረ። ይህ ነገር እስከ ዕለተ ሞቱ እንዲህ ሊቀጥል ይችላል ብሎ ይፈራል።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ናዝራዊት በመጀመሪያው ቀን የጠየቀችው ስለ ጣውላው ነው።

"ማን አዘዘልዎት?"

"እትዬ ጥሩብርሃን።"

"የት ነው የሚሠሩት?"

"በየቤቱ።"

ናዝራዊት ወደ ፍራሹ እንዲመለስ፣ ወገቡን ሞቅ ባለ ፎጣ እንዲይዝ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እንዲራመድ ነገረችው። እንቅስቃሴዎችም አሳየችው። የመጨረሻዋ በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ፣ ወደ ኋላ ተረከዝ ላይ ተቀምጦ፣ ግንባርን ወደ ምንጣፍ ማውረድ ነበረች። "ይቺን ሕመሙ እግርዎን ሲለቅ ነው የሚሠሯት" አለችው። ሕመሙ እግሩን ለቀቀ። ረሻድ ግን ያቺን እንቅስቃሴ አልደፈራትም። ሠርተዋል ወይ ስትለው ሠርቻለሁ ይላታል። ሞክሮ ቢያቅተውስ? ሳይሞክር ቢያንስ ተስፋ አለው።

መራመዱም ቀላል አልሆነም። ሰፈሩ በሽተኛ መንገድ ላይ ሲያይ አይወድም። እትዬ ጥሩብርሃን አንድ ጠዋት ፌርማታው ጋ አገኙትና ክንዱን ይዘው ቤቱ መለሱት። ሲገቡ ጣውላው ውጭ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አዩት። ከዚያ "ለሚያከብረው ሰው ይሆናል" ብለው በዚያ ዕድሜያቸው ራሳቸው ተሸክመውት ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ቀሩ። ረሻድ መጀመሪያ እፎይ አለ። ሰንበትበት ሲል ግን አዲስ ፍርሃት ያዘው። እኚህ ሴት እንኳን የጎረቤት፣ የማያውቁትን ሰው በሽታ አይዘሉም።

"ስለ እኔ የሰሙት ነገር አለ" አላት አልፊያን። "ፊቴን ማየት ከብዷቸው ነው።"

"ሂድና ጠይቃቸዋ" አለች አልፊያ። "እግር አለህ።"

ብርቱካን ይዞ ዳገቱን ወጣ። እትዬ ጥሩብርሃንን ጣውላው ላይ በጀርባቸው ተዘርረው አገኛቸው።

"ተሸክሜው ስገባ ቀጭ አለ" አሉ።

ረሻድ ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጠረጴዛው ባዶ ነበር። የሰፈሩን በሽተኛ ሁሉ የጠየቁትን ሴት አንድም ሰው አልጠየቃቸውም፤ ከወሬያቸው ያረፈ ሁሉ እፎይ አለ እንጂ መቅረታቸውን ልብ ያለ አልነበረም። አሳዘኑት። ፊታቸው ላይ ያለውንም ወዲያው አወቀው፤ ጣቶቹን ሲቆነጥጥ የነበረው የራሱ ፊት ነው።

"ረሻድዬ፣ አልነሳም መሰለኝ።"

"ላስፈራዎት ብዬ አይደለም" አለና የሚቀጥለው ጠፋው። "ለመሆኑ ያ የሳንሱሲው ሰውዬ…"

"ደህና ነው። የአጎቴ ልጅ አይደል? ሊጠይቀኝ አልመጣም እንጂ።"

"ተቀበረ ብለውኝ ነበር እኮ።"

"ካልፈራህ መች አርፈህ ትተኛለህ? ተነስተህ ያንን ፍራሽ ልትሸከም። እሱ አልሰማ ብሎ ዓመት ሙሉ ተሰቃይቷል። አንተም እንደሱ እንዳትሆን ብዬ ነው።" ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው መለሱ። "ያቺ የምታክምህ ልጅ ቢላ አላት?"

"ምንጣፍ ነው ያላት። ነገ አብረን እንሄዳለን።"

"ምንጣፍ ላይ ምን ታደርጋለች?"

አይዞዎት ቢላቸው እንደማያምኑት ያውቃል። እሱ ራሱ ማንንም አላመነም ነበር። ስለዚህ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። በእጁ ተደገፈ፣ ወደ ኋላ ተረከዙ ላይ ተቀመጠ፣ ክንዶቹን ዘረጋ። ወገቡ ተሳበ፤ ልቡ እየመታ ጠበቀ። ቀጭ የሚል ነገር አልመጣም። ዝቅ አለ። ደግሞ ዝቅ አለ። ግንባሩን የእትዬ ጥሩብርሃን ቀዝቃዛ ወለል ነካው።

"አልሐምዱሊላህ" አለ በሹክሹክታ። እንባው ወለሉ ላይ ወረደ።

ከጣውላው ላይ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ መጣ።

"ላስፈራህ ብዬ አይደለም ረሻድዬ… አሁን እንዴት ልትነሳ ነው?"

ረሻድ ግንባሩን ወለሉ ላይ እንዳደረገ ቆየ። ለመነሳት አልቸኮለም።