አማቴ ስንት ጊዜ ትቆያለች?

ጅቡቲ ውስጥ አንድ ጥያቄ ሁለት መልስ አለው፤ ጫት ከመግባቱ በፊት የሚሰጥና ጫት ከገባ በኋላ የሚሰጥ። ከአገራችን የሚጫነው ጫት እኩለ ቀን ላይ ይደርሳል። ከዚያ በፊት የጠየቅኸው ሰው ሙቀቱም አንተም እኩል ታስጠሉታላችሁ፤ መልሱ አይቻልም ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ያው ሰው ትራስ ተደግፎ፣ ጉንጩን ወጥሮ፣ ያልጠየቅኸውን ሁሉ ሲፈቅድልህ ያመሻል። ይህን ለማወቅ ስንት ዓመት ፈጀሁ። ያወቁትን በሰዓቱ ማስታወስ ደግሞ ሌላ ድካም ነው።

አማቴ እማ ዘሃራ ከድሬዳዋ የመጣችው ባለቤቴ ነጃት የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ሁለት ወር ገደማ ስለቀራት ነው። (መጣች ማለቴ ድፍረት አይምሰልህ፤ እማ ዘሃራን አንቱ ካልካት ምን አስቀየምኩህ ትላለች።) ቪዛዋን አውሮፕላን ማረፊያው ላይ መቱላት። ስንት ጊዜ ያስቆያል? ማኅተሙ ቀለሙ ፈሶ አይነበብም። አብረዋት ከመጡት መንገደኞች አንዷ አንድ ወር ነው አለች፣ ሌላዋ ሦስት። ሦስት ከሆነ ይበቃናል፤ አንድ ከሆነ ግን ምጡ ላይ አትደርስም። ነጃት እናቴ ሳትኖር አልወልድም አለች። አልወልድም ይባላል እንዴ?

እኔ ወደብ ላይ የትራንዚት ሠራተኛ ነኝ፤ የሰው ኮንቴይነር ሲያዝ ወረቀቱን ይዤ ከቢሮ ቢሮ የምንከራተት። ለወረቀት ከእኔ ወዲያ ማን አለ ብዬ ደረቴን ነፋሁና የት ሄጄ ብጠይቅ ጥሩ ነው? ካርቲየ ሰባት የሚባለው ሰፈር፣ ጓደኞቼ የሚቅሙበት ቤት። ያውም በምርቃና ሰዓት! አንዱ ሦስት ወር ነው ብሎ ማለ። ሌላው፣ ልጇን ልታርስ የመጣች እናት ገደብ የለባትም የሚል ሕግ ፈረንሳዮች ትተውልናል አለ። ሦስተኛው እውነተኛ የኢሚግሬሽን ሰው ነው፤ እጄን ጨብጦ፣ አማትህ አማቴ ናት፣ እስክትሰለች ትቀመጥ አለኝ። እንባዬ መጣ። ቤት ገብቼ ለነጃት አዋጁን አሰማሁ።

በማግስቱ ጠዋት ለማረጋገጥ ብዬ ቢሮው ሄድኩ። የትናንቱ ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝና በፈረንሳይኛ ማን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ስለ አማታችን ነገርኩት። አንድ ወር ነው፤ ማስረዘም ይቻላል፤ ዋስ የሚሆን ነዋሪ ያስፈልጋል አለ። ዋሱማ እኔው ነኝ ብዬ የመኖሪያ ፈቃዴን በኩራት ዘረጋሁለት። አገላበጠው። እኔን አየኝ። እንደገና አገላበጠው። ጊዜው ካለፈ ከርሟል አለኝ።

የአገር ነጋዴ ወረቀት ሳሳድስ የራሴን ረስቼዋለሁ። ከአገር ወጥቼ እንደ አዲስ መግባት አለብኝ ተባለ። ነጃት ግን የራሷን በጊዜው አሳድሳ ኖሯል፤ እንደ ቁርበት የተወጠረ ሆዷን ይዛ ሄዳ ለእናቷ ዋስ ሆነች። እኔን ማንም ዋስ አልሆነኝም።

እናም አማቴ እኔ ቤት ቀረች፣ እኔ አማቴ ቤት ገባሁ። ፓስፖርቴም ሊያልቅ ደርሶ ስለነበር እሱ እስኪታደስ ድሬዳዋ ተቀምጬ ፍየሏን እቀልባለሁ። ሴት ልጅ መወለዷን በስልክ ሰማሁ። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም፤ ሲበዛ ከፋኝ። አጠገቤ የነበረችው ፍየሏ ብቻ ናት፤ እሷም እንኳን ደስ አለህ አላለችኝም።

በመጨረሻ ጅቡቲ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሼ እንደ ማንኛውም እንግዳ ተሰልፌ ቪዛ ተመታልኝ። አንድ ወር። በዚያ ላብ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ቤቴ ደረስኩና የገዛ በሬን አንኳኳሁ።

የከፈተችልኝ እማ ዘሃራ ናት። ቆይታዋ በሕግ ተራዝሟል፤ ልጄን አቅፋለች፤ ሽርጤን እንደ ነጠላ ደርባለች። ልጄን ገና ሳታቀብለኝ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ እንኳን ደህና መጣህ፣ ለመሆኑ ስንት ጊዜ ትቆያለህ አለችኝ።

ጫት ገብቷል ወይ ብዬ ጠየቅኳት።