የአይጥ ሆድና የአደይ ነጠላ

ሥራዬን ለሰው መናገር ትቻለሁ። ምን ትሠሪያለሽ ሲሉኝ፣ ዓይደር ሆስፒታል ላብራቶሪ እልና ወሬ እቀይራለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ? አይጥ ሆዷን ሲቆርጣት ስንቴ እንደተጠማዘዘች እቆጥራለሁ። ከደሴ ድረስ መጥቼ፣ ተምሬ የያዝኩት ሥራ ይኼ ነው።

አትሳቁ። የሆድ ሕመም ማስታገሻ የሚፈተነው እንዲህ ነው። ለአንዷ አይጥ መድኃኒት፣ ለሌላዋ ውሃ ብቻ ይሰጣል። ቀጥሎ ለሁለቱም የሚቆጠቁጥ፣ በውሃ የቀጠነ አሲድ ሆዳቸው ላይ ይወጋል። ከዚያ ሰዓት ይዞ መቁጠር ነው። መድኃኒት የወሰደችው ጥቂት ጊዜ ብቻ ከተጠማዘዘች ሠርቷል ማለት ነው። ግን ዝም ያለች ሁሉ ተሽሏታል አይባልም፤ መድኃኒቱ አደንዝዟት ይሆናላ። ስለዚህ የሚሽከረከር ዘንግ ላይ አውጥተን መራመድ መቻሏን እናያለን። ለአይጥ ዝምታ እንኳ ይህን ያህል እንጠነቀቃለን።

አከራዬን ሰፈሩ ሁሉ እንደ እናት አደይ ለተብርሃን ይላቸዋል። ቀዳማይ ወያነ ሰፈር እሳቸው ግቢ ስኖር አራት ዓመቴ ነው። ሰሞኑን ምግብ በቀመሱ ቁጥር ቀኝ ጎናቸውን ይይዛቸው ጀመር። ለምኜ፣ ተቆጥቼ ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ወጣቱ ሐኪም እንዴት ነዎት አላቸው። «ተመስገን፣ ደሓን ነኝ ወደይ» ብለው፣ እንደ ልጃቸው የእናቱን ጤና ጠየቁት። ከአንድ እስከ ዐሥር ስንት ያምዎታል ሲላቸው፣ ዐሥሩን ለጠላትም አልመኝ፣ ለእኔ አንዱ ይበቃኛል አሉ። አንድ ብሎ ጻፈላችኋ። የጨጓራ ኪኒን ይዘን ወጣን።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ታዲያ ተመስገን ማለት መደበቅ ነው? ተናደድኩ። በማግሥቱ ከምሳ በኋላ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ የለመድኩትን ሥራ ጀመርኩ። ሕመሙ ሲመጣ አደይ አይጮኹም፣ አይጎብጡም። ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። ያውም ያልተዛባውን ነጠላ። በግማሽ ሰዓት ዐሥራ አራት ጊዜ።

ወረቀቴንም እሳቸውንም ይዤ ተመለስኩ። ሐኪሙ፣ ትናንት ደህና ነኝ ብለውኝ የለም እንዴ አለ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት።

«አይጥ ተመስገን ስለማትል ትታመናለች። እኚህ ሴት ጨዋ ስለሆኑ አይታመኑም? አልትራሳውንድ ሳይታዩ ከዚህ አንወጣም።»

አደይ በእኔ አፍረው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ዐሥራ አምስት» አልኩት።

ሐኪሙ ነጠላውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ላከን። የሐሞት ጠጠር ሆኖ ተገኘ። ለቀዶ ሕክምና ተቀጠሩ፤ እስከዚያው ማስታገሻ መርፌ ተወጉ።

ከመርፌው በኋላ ዓይኔን ከነጠላው ላይ አልነቀልኩም። አንድ ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ አላለም። መደሰት ስጀምር ግን ያ ዘንግ ትዝ አለኝ። ደንዝዘው ቢሆንስ? እንዴት ነዎት አልኳቸው። «ተመስገን፣ ደሓን ነኝ ጓለይ» አሉ፤ ሲያማቸው ያሉትን ያንኑ። ከዚህ ምን ይገኛል ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ስል፣ የሐኪሙን እናት ጤና ሳልጠይቅ ዘው ብዬ ገብቼ ስለመቆጣቴ ይገሥጹኝ ጀመር። ሳያቋርጡ፣ አንዱንም ሳይረሱ፣ እቤት እስክንደርስ።

ዘንግ አላስፈለገም።